ክርኔን በፊት ገጽ ላወጡልኝ ዋና አዘጋጅ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ይህ ደብዳቤ በመልካም ጤንነት፣ በተደላደለ ወንበር ላይና ውሃው በማይቋረጥ ቤት እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። የመጨረሻው ምኞት ለእኔ የሥራ ጉዳይም ነው፤ የከተማውን የውሃ ማንሻ ጣቢያ ላለፉት ሁለት ዓመታት በተጠባባቂ ዋና መሐንዲስነት የምመራው እኔ ነኝና። ይህንኑ በሦስት የግል ደብዳቤዎች ገልጬልዎ መልስ ስላላገኘሁ፣ አራተኛውን ለመክፈት እንዳይቸገሩ በማሰብ ተከፍቶ እንዲደርስዎ አድርጌያለሁ።

በቅድሚያ ምስጋና ይገባዎታል። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጋዜጣዎ ክርኔን በፊት ገጽ አውጥቶልኛል። ቀኝ ክርኔን። በብየዳ ብልጭታ የተበሳው የቱታዬ እጅጌ በፎቶግራፉ ጠርዝ በኩል ብቅ ብሏል፤ የቀረው እኔነቴ ተቆርጧል። በገጹ መሃል እጁን ዘርግቶ ወደ ሩቅ የሚያመለክት ሰው ቆሟል። ከሥሩ «ከተማዋን ከዘጠኝ ቀን ጥም ያወጧት ዋና መሐንዲስ» የሚል ጽሑፍ ይነበባል።

ሰውየው ሾፌራችን ነው።

ጥሩ ሾፌር ነው፤ በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ጋዜጣውን ባየ ዕለት ቢሮዬ ገብቶ፣ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ፣ «ኢንጅነር፣ እኔ እኮ ፎቶ አንሺውን ‹በዚያ በኩል ዙር፣ እዚህ ጋ ትሰምጣለህ› ነው ያልኩት» አለኝ። ጭቃውን እያሳየው ነበር። አማቱ ግን ገጹን በመስታወት አስገብተው ሳሎን ሰቅለውታል፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜም «ልጄ» ብለው ጠርተውታል። አሁን እንዴት አድርጎ እንደሚነግራቸው ጨንቆታል። ይህን የቤተሰብ ዕርቅ ያወረዱት እርስዎ ስለሆኑ ለዚህም ላመሰግንዎ ይገባል።

ጉዳዬ ይህ ነው። የመሥሪያ ቤታችን ቦርድ በመጪው ሐሙስ ተሰብስቦ ሥራውን ለእኔ ያጸድቃል፣ ወይም ለሌላ ይሰጣል። የቦርዱ ሰብሳቢ ጋዜጣዎን አጥብቀው ያነባሉ። «እንዲህ ያለ ሰው እያለን በተጠባባቂ የምንጉላላው ለምንድን ነው?» ማለታቸውንም ሰምቻለሁ።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመረዳት ብዬ የገጽ ቅንብር ባለሙያዎን በስልክ አነጋገርኳቸው። ትሑት ሰው ናቸው። የፊት ገጽ ፎቶግራፍ አንድ ባለቤት ብቻ ሊኖረው እንደሚገባ፣ ከሰዎቹ መካከል እጁን ዘርግቶ የሚያመለክት ካለም ባለቤቱ እሱ እንደሆነ፣ በዚህ ደንብ ሃያ ዓመት ሙሉ እንደሠሩ አስረዱኝ። እኔስ ብላቸው፣ «እርስዎማ ጎንበስ ብለው ነበር እኮ፣ እናቴ» አሉኝ።

ጎንበስ ያልኩት የግፊት መለኪያውን ለማንበብ ነው። መለኪያው ከጉልበት በታች ነው የተገጠመው።

ከሙያዬ የተነሳ ያልገባኝን ነገር መለካት ልማዴ ነው። ስለዚህ የሦስት ወር ጋዜጣዎን፣ ሰባ ስምንት የፊት ገጽ፣ በምግብ ጠረጴዛችን ላይ ዘርግቼ በልጄ ማስመሪያ ለካሁ። የደረስኩበትን በትሕትና አቀርባለሁ፦

፩. በስልሳ አንዱ ዋና ፎቶግራፍ ላይ ያሉት ወንዶች ናቸው፤ ይቆማሉ፣ ይጨባበጣሉ፣ ያመለክታሉ። ምን እንደሚያመለክቱ በአብዛኛው አይታይም። በሦስቱ ላይ ያለው ሕንፃ ነው። ሴቶች በአሥራ አራቱ ላይ ወጥተዋል፤ ሦስቱ ያለቅሳሉ፣ ሁለቱ አበባ ይዘው ይስቃሉ፣ አንዷ ጀርባዋን ሰጥታለች። ስምንቱ ጄሪካን ይዘው ተሰልፈዋል።

፪. ስምንቱ የወጡት ውሃ በጠፋባቸው ቀናት ነው። ውሃው በመጣ ማግስት ሾፌራችን ወጣ። ውሃ ሲጠፋ ሴት፣ ውሃ ሲመጣ ወንድ። እንዲህ ያለ ወጥ አሠራር በእኛ ጣቢያ እንኳ የለም፤ እኛ ዘንድ አንዳንዴ ይዛነፋል።

፫. በፎቶግራፎቹ ሥር ወንዱ ማዕረግ አለው፣ ሴቷ ልጆች አሏት። «የሦስት ልጆች እናት»፣ «የአምስት ልጆች እናት»። ከሦስት በታች ያላት አላጋጠመችኝም። እኔ አንድ ልጅ ብቻ ስላለኝ፣ ለፊት ገጽ የሚጎድለኝ ሁለት ልጅ እንጂ ሁለት ዓመት ልምድ እንዳልሆነ አሁን ገብቶኛል።

፬. አራተኛው ቅሬታ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ልጄ ፎቶግራፉን አይታ፣ «እማዬ፣ ይቺ እጅጌሽ እኮ ናት፤ ለምንድን ነው የቆረጡሽ?» አለችኝ። ቦታ ጠቧቸው ይሆናል አልኳት። ለምን ጥብቅና እንደቆምኩልዎ አላውቅም። ልጄ ተኝታም ጋዜጣው ፊቴ ነበር። ረጅም ጊዜ ካዩት ክርን የማንም ሊሆን ይችላል። ዘጠኝ ቀን እዚያ የነበርኩት እኔ ነበርኩ? የተሰበረውን የፓምፕ ዘንግ ያስወጣሁት፣ ከብየዳው አጠገብ ወለል ላይ ያንቀላፋሁት። ነበርኩ። በማግስቱ ጠዋት መለኪያው ጋ ስደርስ ግን ጎንበስ ማለት ፈራሁ። ቀጥ ብዬ ቆሜ ለማንበብ ሞከርኩ።

አይነበብም።

የምለምነው ትንሽ ነው፤ ከሐሙስ በፊት በዚያው በፊት ገጽ አንድ መስመር እርምት። ጸሐፊዎ እርምት የሚወጣው በአሥራ አንደኛው ገጽ፣ ከጠፉ ማኅተሞችና ሰነዶች ማስታወቂያ ሥር መሆኑን በአክብሮት ነግረውኛል። ከጠፉ ነገሮች ጋር ስለመደቡኝ አልተቀየምኩም።

ጊዜዎን በዚህ ረጅም ደብዳቤ ስላባከንኩ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ በሚወጡበት ገጽ ሁሉ ከነጭንቅላትዎ እንዲወጡ ከልብ የምመኝልዎ፣

አክባሪዎ፣
የውሃ ማንሻ ጣቢያው ተጠባባቂ ዋና መሐንዲስ
(የአንድ ልጅ እናት)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ሳልልከው የዛሬው ረቡዕ ጋዜጣዎ ደረሰኝ። እርምቱ በአሥራ አንደኛው ገጽ ወጥቷል፤ «በፊት ገጽ የታዩት ግለሰብ መሐንዲስ ሳይሆኑ ሾፌር መሆናቸውን እንገልጻለን» ይላል። ሌላ ቃል የለውም። ከሰዓት በኋላ የቦርዱ ጸሐፊ ደውለው፣ ፓምፑን ያስጠገነው ሰው ማንነት እስኪጣራ ድረስ የነገው ስብሰባ መራዘሙን ነገሩኝ። ሾፌራችን ቀርቦ ሊመሰክርልኝ ፈቃደኛ ነበር፤ በጋዜጣ የተስተባበለ ሰው ስለሆነ ግን ቃሉን ለመቀበል እንደሚቸገሩ ገልጸዋል። እንግዲህ በጋዜጣዎ መዝገብ መሠረት ውሃው የመጣው በራሱ ፈቃድ ነው። ዳግም የጠፋ ዕለት ፎቶ አንሺዎን እስከ ጣቢያችን ጭቃ ድረስ አያድክሙት፤ በቀጥታ ወደ ወረፋው ይላኩት፣ ሴቶቹን እዚያ ያገኛቸዋል።