በብርሌ የቀረበው የአውጥ አረቄ

ይድረስ ለአባቴ ለቄስ ጽጌማርያም፤ ቢቸና።

አባቴ፣ እንደምን ከርመዋል? ክረምት ሲገባ የሚነሣብዎ የወገብ ሕመም ዘንድሮስ ማረዎት? ዐይንዎስ ዳዊቱን አጥርቶ ያያል? እናቴ እንደምን አለች? አዝመራው ውርጭ ሳያገኘው ገባላችሁ? እኛ ኮልፌ ያለነው፣ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ በአካል ደህና ነን። ባለቤቴ መኳንንት የእንጨት ሥራው አልቀነሰበትም፤ ልጆቹም አልታመሙም። የእኔ ልብ ግን ከተንጠለጠለ ሰንብቷል። እንቅልፍም እህልም እንቢ ብሎኛል። አባትም ካህንም ነዎትና ለእርስዎ ካልነገርሁ ለማን እነግራለሁ?

ልጃችንን ገነትን አቶ ጉልላት ለልጃቸው ለጌታሁን እንደጠየቋት ባለፈው ጽፌልዎ ነበር። አቶ ጉልላት የተከበሩ ሰው ናቸው። ጌታሁን ሕፃን ሳለ ታሞ ከሞት አፋፍ ሲደርስ፣ ልጄን ማርልኝ እንጂ የሚያሰክር ነገር በአፌ አይዞርም ብለው ለመድኃኔዓለም ተስለዋል። ሰፈሩ ሁሉ ይህን ስለሚያውቅ በተጠሩበት ድግስ ሁሉ ለሳቸው ብርዝ ይቀርባል።

ሳላገባ በፊት ያገለገልኋት ጣሊያናዊት ሲኞራ፣ «ሊኮሬ» የምትለውን ጣፋጭ መጠጥ አሠራር አሳይታኝ ነበር። እኔ የምሠራው በፈረንጅ አውጥ ነው፤ ያ እንደ ከረጢት በቅጠል ተጠቅልሎ የሚያፈራው ቢጫው፣ አጥራችን ሥር ሞልቷል። የበሰለውን ብቻ ለቅሞ ልብሱን መግፈፍ ነው፤ ጥሬው ሆድ ይነክሳል። ከዚያ ፍሬውን በመርፌ ወጋ ወጋ አድርጎ፣ በጠርሙስ ከስኳር ጋር እያነባበሩ ሁለት ጊዜ የወጣ ዳግም አረቄ ይሞሉበትና አፉን ገጥመው ጨለማ ጓዳ ያኖሩታል። እየወዘወዙ ካቆዩት አረቄው የአውጡን መልክና ሽታ ይወስዳል። ዘንድሮ በንጹሕ ሻሽ ሳጠልለው ቁርጥ የማር ብርዝ መስሎ ወረደ። እኔም ኩራት ኩራት አለኝ፤ መዘዙ የመጣው ከዚያ ነው።

ጥቅምት ፳፪ ቀን እሑድ ሽማግሌዎቹ የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ መጡ። አረቄ በመለኪያ፣ ጠጅና ብርዝ በብርሌ እንደሚቀርብ ሳታስተምሩኝ ቀርታችሁ አይደለም። ነገር ግን በመለኪያ መልኩ አይታይም ብዬ ለያንዳንዳቸው በብርሌ ጥቂት ጥቂት ቀዳሁ። አቶ ጉልላት ከሰው ተለይተው እንዳይታዩ ብዬ ደግሞ የሳቸውንም ብርዝ በዚያው ልክ ቀዳሁና ሁሉንም ባንድ ትሪ ደርድሬ ይዤ ገባሁ። በሩ ላይ ትሪውን ሳዞር የትኛው የማን እንደሆነ ጠፋኝ። ዐውቃለሁ ብዬ ሰጠሁ።

አቶ ጉልላት ተቀብለው መረቁን። አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉና ብርሌውን አየት አድርገው ጭልጥ አደረጉት። ልድገምልዎ ብል ብርሌውን በመዳፋቸው ከደኑት። የጠገቡ መሰለኝ። ቀኑም ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ተቆረጠና እልል ተባለ። ሲሄዱ ግን ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ ባጫ፣ ደጃፍ ላይ ጠጋ ብለው «ምን በድዬሽ ነው ለሰው ሁሉ ያን የመሰለ ነገር ቀድተሽ ለእኔ ብርዝ ያጠጣሽኝ?» ብለው ቀለዱብኝ። ብርዙ ለእሳቸው፣ አረቄው ለአቶ ጉልላት መድረሱ ያን ጊዜ ገባኝ።

መኳንንት ስነግረው የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ አንዴ ከተናገርሽ አይመለስም፤ ዝም በይ አለኝ። ጎረቤቴ አበበች ደግሞ ሳይደርቅ በእርጥቡ ሳይርቅ በቅርቡ ነው፤ ሄደሽ እግራቸው ላይ ውደቂ አለችኝ። እኔ በሁለቱ መካከል እንደዋለልሁ ቀረሁ። በሳምንቱ እሑድ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ስሄድ አቶ ጉልላት ቤተ ክርስቲያን አልገቡም፤ ውጭ ከዛፍ ሥር ቆመው አስቀደሱ። በሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ። ነገሩን ዐውቀው ጋብቻውን ሊያፈርሱት ነው ብዬ ፈራሁ። ይባስ ብሎ ጌታሁን ጉንፋን ይዞት ሲያስል ሰማሁ። ያ ስለት የተሳሉለት ልጅ በእኔ ብርሌ ሊሄድ ነው ወይ እያልሁ ስንት ጊዜ እንዳለቀስሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ሳሉ ለቆታል፤ የእኔ ፍርሃት ግን አልለቀቀኝም።

እስከዚህ የጻፍሁት ትናንት ነበር። ዛሬ ከሰዓት በኋላ አቶ ጉልላት ራሳቸው መጡ። የመጣውን ልቀበል ብዬ አጎንብሼ ቆምሁ። መኳንንት እቤት አለመኖሩን ጠይቀው ካረጋገጡ በኋላ ተቀመጡና እንዲህ አሉኝ፦

«ዘመነች ልጄ፣ ገና ከንፈሬን ሲነካኝ ዐውቄዋለሁ። ተፍቼው ቢሆን ኖሮ አንቺም ታፍሪ፣ ነገሩም በዚያው ይበላሽ ነበር። የተሳልሁትም ለልጄ ነው፤ ያፈረስሁትም ለልጄ ነው።»

ለንስሐ አባታቸው በዚያው ሰሞን ተናግረው ስግደት ተሰጥቷቸዋል። ውጭ የሚቆሙትም ቀኖናው እስኪያልቅ ነው። ጭንቀቴን ከፊቴ አይተው ኖሮ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ፣ አንቺም እንዳትጨነቂ ብለውኝ ሄዱ። ሲነሡ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ግድግዳውን ይዘው ነው የተነሡት።

አባቴ፣ ከዛቻ ይልቅ ይህ ባሰብኝ። ጥፋቱን ያጠፋሁ እኔ፣ የሚሰግዱት እሳቸው። በዚያ ጉልበት! የምጠይቅዎ ይህን ነው፤ ቀኖና ለሁለት ይከፈላል ወይ? የአንዱን ስግደት ሌላው ቢሰግድለት ይቆጠራል ወይ? ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ነጋዴው ይመር ሲመለስ ምላሽዎን ይያዝልኝ። እኔ ግን እስኪፈቅዱልኝ አልታገሥሁም፤ አቶ ጉልላት ደጁን እንደወጡ ጓዳ ገብቼ፣ ከዚያ ጠርሙስ ፊት፣ መስገድ ጀምሬአለሁ። አይቆጠርም ካሉኝም አልተውም።

እናቴን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ወንድሜ አሰፋ ለሠርጉ እንዳይቀር ይንገሩልኝ፤ ለሚስቱና ለልጆቹም ሰላምታዬ ይድረስ። መኳንንት እጅ ነሥቷል። ገነትም ምርቃትዎን ትፈልጋለች፤ እሷ ከዚህ ሁሉ የምታውቀው የለም።

ለአሰፋ በይመር እጅ አንድ ጠርሙስ ልኬለታለሁ። አንገቱ ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ። እናቴ ብርዝ መስሏት እንዳትቀዳው ቀድመው ይንገሯት፤ በመለኪያ ብቻ ይጠጣ።

ልጅዎ ዘመነች ጽጌማርያም
ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር ፲ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.