ቡሊት ከግቢ የምትወጣበት ወረቀት

ለተከበሩ የነፍስ አድን መሥሪያ ቤታችን የንብረት ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የስብሰባ ብዛት ወገብዎን እንዳያሳምምዎ፣ ብዕርዎም እንዳይነጥፍ ዘወትር እመኛለሁ። እኔ ፍርስራሽ ሥር የተቀበረ ሰው በማሽተት የምታገኘዋ ውሻችን፣ የቡሊት፣ አሠልጣኝ ነኝ። ቡሊት በክፍልዎ መዝገብ ከጄኔሬተሩ ቀጥላ፣ ከቃሬዛዎቹ በፊት ስለሠፈረች ያስታውሷታል ብዬ አምናለሁ።

ለመጻፍ የተነሣሁት ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ባለ አራት ፎቁ ሕንጻ በተደረመሰ ጊዜ ስላደረጉልን ሁሉ ለማመስገን ነው። ደክሞኛልና በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

፩. ቡሊትን መኪና ላይ ጭኜ በሩ ጋ ስደርስ፣ ጥበቃው ማንኛውም ንብረት ያለ መውጫ ፈቃድ እንዳይወጣ ያዘዙበትን ባለ ማኅተም ደብዳቤ አሳየኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከምሳው እየቆረሰ የሚያበላት አባት ነው። «ልጄ፣ አንተ ውጣ፤ አንተ ንብረት አይደለህም። እሷን ካሳለፍኩ ግን ጉዴ ይፈላል» አለኝ። የእኔ አፍንጫ ከኮንክሪት ሥር ሰው የማሽተት ተሰጥኦ ስለሌለው ብቻዬን መውጣቱ አልታየኝም።

፪. ከእርስዎ በቀር ፈራሚ የለም፤ እርስዎ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነበሩ። አጀንዳው ፈጣን ምላሽ የመስጠት አቅማችንን ስለ ማሳደግ እንደነበር ጸሐፊዎ ነግራኛለች፤ ጭብጨባውንም ከደጅ ቆሜ ሰምቻለሁ። ጸሐፊዎ ሁለት ጊዜ አንገቷን በበሩ አስግጋ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ በእጅዎ ጠብቂ ብለዋታል። ስለ ትዕግሥት ላስተማሩን ትምህርት ውለታዎን አንረሳም።

፫. «የሚመለስበት ሰዓት» የሚለው ቦታ ባዶ ነው ብለው ወረቀቱን አንዴ መልሰውልኛል። ስንት ሰው እንደተቀበረ ስለማላውቅ ከራሴ ፈጥሬ ሞላሁት። አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ ፈረሙ። ፊርማዎ ያምራል።

መንገዱ ሃያ ደቂቃ ነው። ቡሊት ከደረሰች በኋላ ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀባትም፤ ከደረጃው ሥር ቆማ ጮኸች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ይህች ውሻ ግን ጠዋቱን ሙሉ በር ላይ ስትጮህ ነበር፤ የዘገየነው እኛ ነን። ቆፍረን አንዲት ልብስ ሰፊ በሕይወት አወጣን። ታናሽ እህቷ አጠገቧ ነበረች። ልብስ ሰፊዋ ቃሬዛ ላይ ሆና ያለችኝን እንዳለ እጽፍልዎታለሁ፦ «እጄን ይዛኝ ስታወራኝ ነበር። የትምህርት ቤቱ የአምስት ሰዓት ደወል ሲደወል አብረን ሰማነው። ከዚያ ወዲህ ነው እጇ የላላው።»

እኔ ሒሳብ አልወድም፤ ለክፍልዎ ትቼዋለሁ። መናደድም ጉልበት ይጠይቃል፤ የቀረኝን ጉልበት ለሚቀጥለው ሕንጻ አስቀምጫለሁ። እህትየዋን ግን ከዓይኔ ማውጣት አልቻልኩም።

፬. ቡሊት በማንኛውም ሰዓት የምትወጣበት አንድ ቋሚ ፈቃድ እንዲሰጠን ከማክሰኞ ወዲህ ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ። «ቋሚ ንብረት በቋሚነት አይወጣም» የሚል መልስ ስለሰጡኝ፣ ያውም በሁለት ቀን ውስጥ፣ ከልብ አመሰግናለሁ። ለካ መፍጠንም ይችሉበታል።

ቡሊት ደህና አይደለችም። የሞተ ሰው ስታገኝ ቅስሟ ይሰበራል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግቧን አሽትታ ትተዋለች። እንዲህ ስትሆን አንዱን ባልደረባችንን ፍርስራሽ ውስጥ ደብቀን እንድታገኘው ማድረግ ልማዳችን ነው። የሚተነፍስ ሰው አግኝታ ፊቱን ስትልስ ነፍሷ ይመለሳል። ባልደረቦቼም እንደ እሷ ስለደከሙ፣ በዚህ ሳምንት ልደበቅ ያለ አልተገኘም።

በመዝገብዎ ያልሠፈርኩ በመሆኔ እንዳሻኝ ወጥቼ የምገባው፣

የቡሊት አሠልጣኝ

ግልባጭ፦
ለበር ጥበቃው
ለልብስ ሰፊዋ፣ ስትድን እንድታነበው

ሳልጠቅስ የቀረሁት፦ ለሐሙሱ ልምምድ የሚደበቅልን ሰው እርስዎ እንዲሆኑ በአክብሮት እንጋብዛለን። ከተደረመሰው ደረጃ ሥር ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ አለ፤ ቡሊትም ካለችበት ግቢ ተነሥታ በሃያ ደቂቃ ትደርስልዎታለች። የእሷን መውጫ የሚፈርሙት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ ግን፣ እባክዎ ክቡር ሆይ፣ ፈርመው ይግቡ።