መልስ ሰጪውን ሳይጠሩ

ወንድም ዓለሜ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ ንግዱ፣ ብርድ ሲነካው የሚነዝርህ ጉልበትህስ? ትንሿ ልጅህ ናጅዋ መቼም አድጋ ይሆናል። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን ካልኩ በኋላ ግን እውነቱን ልናገር፤ ተቃጥያለሁ። ስለተረታሁ እንዳይመስልህ። ሳልናገር ስለተረታሁ ነው።

ማሳው ያንተ ሆኗል። ማንም ስላልጠራህ አልሰማህ ይሆናል። ከቦዩ በታች ባለው የአባታችን የማንጎ ማሳ ጉዳይ መርሳ ፍርድ ቤት ስትረታኝ፣ ወልድያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይግባኝ ብዬብህ ነበር።

ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ሁለቱን ጊዜ መዝገቡ ገና እየተመረመረ ነው ብለው መለሱኝ። በሦስተኛው የጎረቤቴን የቡርቱካንን አዲስ ሻሽ ተውሼ፣ የምናገረውን በቃሌ አጥንቼ ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ያዩ አንድ ሽማግሌ ዱዓ የማደርግ መስሏቸው እስከ ወልድያ አሚን ሲሉልኝ ደረስን። ስሜ ሲጠራ አቤት ብዬ ገባሁ። ዳኛው አንድ ገጽ አነበቡ። የታችኛው ፍርድ ስህተት የለበትም፣ ይግባኙ አያስቀርብም፣ መዝገቡ ተዘግቷል አሉ። እጄን አወጣሁ። ሌላ ሰው ተጠራ።

ደጅ ላይ ለጸሐፊዋ እኔ እኮ ገና አልተናገርኩም አልኳት። ልጅቷ ደግ ናት፤ ወንበር ሰጥታ አስረዳችኝ። ዳኞቹ መጀመሪያ ወረቀቱን ያያሉ፣ ስህተት ካላገኙ መልስ ሰጪ የሚባለውን ሌላውን ተከራካሪ አይጠሩም፣ ክርክርም የለም፣ ሕጉ ነው አለችኝ። ወረቀቱ ተናግሯል እኮ አለችኝ። ወረቀቱ ምን ያውቃል!

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሽምግልና የለመደ ሰው ነኝ። ሽማግሌ ፊት ዋናውን ነገር ማን ያስቀድማል? ሰላምታው ይቀድማል፣ ዱዓው ይቀድማል፣ ጥቃቅኑ ይወራል፤ በመጨረሻ ያልተናገርሽው የቀረ አለ ወይ ሲባል ያኔ የሆድ ይወጣል። እኔም ያቺን ጥያቄ ስጠብቅ ቀረሁ። አቤቱታዬን የጻፈልኝ ሲሳይ ሁሉንም ንገሪኝ፣ ያልተጻፈ እንዳልነበረ ነው እያለ ስንት ጊዜ ለምኖኛል። ይኸው ነው፣ ሌላ የለም አልኩት። እስካሁንም አያውቅም።

እንዴት ብዬ ላስጽፈው? መዝገብ አይጠፋም። ልጆችህ አንድ ቀን ገልጠው አባታችን ቃሉን የካደ ነው ብለው ያነቡታል። መርሳ ላይስ ለማን ልናገር? አንተ አልመጣህም፤ የሚስትህን ወንድም ወክለህ ላክህ። እሱ የይዞታ ደብተሩን ይዞ ቆመ፣ ደብተሩ ደግሞ በስምህ ነው። ነገሩ ያለው በእኔና በአንተ መካከል ነው። ስለዚህ ወልድያ አንተው ራስህ ትጠራለህ፣ ጎን ለጎን እንቆማለን፣ ዓይንህን እያየሁ አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሃለሁ ብዬ ነበር። ዓይኔን እያየህ ዋሽተኸኝ አታውቅም።

አባታችን በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ቦዩ ዳር ስለ ማሳው ምን ነበር ቃል የገባህልኝ?

ሲሳይ ባሕር ዳር ሰበር ሰሚ ችሎት አለ ይለኛል። እዚያም መጀመሪያ ወረቀቱ ነው የሚታየው። በቃኝ። ማሳውን አስረክባለሁ፤ ማንጎው ተለቅሞ አልቋል፣ ቦዩንም አስጠርጌዋለሁ። አንድ ነገር ግን እወቅ፣ ለወኪል አላስረክብም። ረመዳን ሳይገባ ና፤ ከምትኖርበት ከሐራ መርሳ ሩቅ አይደለም። ያን ቀን የቆምንበት ቦታ እጠብቅሃለሁ። ዓይኔን እያየህ ማሳው የእኔ ነው በለኝ፣ ሌላ ቃል ሳልመልስልህ እሄዳለሁ።

ይህንን የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ስለሆንክ ግድፈቱን እለፈው። ቅጂ አላስቀረሁም። አንብበህ ብትቀደው የሚያውቅ የለም።

አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ ጉልበትህንም ይማርልህ። ስትመጣ ካፖርትህን ደርብ፤ ቦዩ ዳር ይበርዳል።

ታናሽ እህትህ