እማዬ ወፍ ልታይ የተሻገረች ቀን

ውድ እህቴ ሄሱን፣

በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን ንዴት ሲይዝሽ ጆሮዬ ላይ ስለምትዘጊው ተውኩት። ደብዳቤ መሃል ላይ አይዘጋም፤ በይ አረፍ ብለሽ አንብቢኝ።

ቅዳሜ ከእማዬ ጋር ወፍ ልናይ ወደ ዩቡ ደሴት ተሻገርን። አትሳቂ! ዕድሜዋን ሙሉ እዚያ ባሕሩ ሲሸሽ የሚተወው ጭቃ ላይ የሚበላ ዛጎል ስትለቅም ወፎቹን ቀና ብላ አይታቸው አታውቅም። የወሰደን ጋሽ ፒልዶ ነው፤ ያ ሚስቱ የሞተችበት ጎረቤታችን፣ ባለፈው «ቤታችን ምን ያመላልሰዋል?» ብለሽ የጮህሽበት።

በጋው ሊያልቅ ቢሆንም ሙቀቱ አልበረደም። ባሕሩ እየሞላ ሲመጣ ጭቃው ላይ ተበትነው ሲለቅሙ የነበሩት ወፎች እየተገፉ ወደኛ ቀረቡ። መንቁራቸው እንደ ማጭድ የጎበጠ አሉ፤ ከድንቢጥ የማይበልጡም አሉ፤ ሁሉም ወደ ደቡብ መንገደኞች ናቸው። ጋሽ ፒልዶ ቴሌስኮፑን ተክሎ፣ «መንቁሯ እንደ ማንኪያ የሆነ አንዲት ትንሽዬ አለች። እሷን ያየ ዕድለኛ ነው» አለ።

«ያቻትና!» እማዬ ጮኸች። «ነጯ! ክንፏን ስታራግብ አይታይህም?»

አየት አድርጎ፣ «እትዬ ቦክናም፣ እሱ እኮ ፌስታል ነው» አላት።

እማዬ በሳቅ ፈነዳች። ሳቋ ወፎቹን አስደነገጣቸውና ሺዎቹ በአንዴ ብድግ አሉ። ሲዞሩ ነጭ፣ ሲመለሱ ቡናማ እየሆኑ ከራሳችን በላይ ሲያልፉ የክንፋቸው ንፋስ ፊታችንን መታን። እማዬ ባርኔጣዋን በሁለት እጇ ይዛ ዘለለች። እውነቴን ነው፣ ዘለለች! አባባ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ደስታው ለኔም ተርፎ አስለቀሰኝ።

ቆይተን የያዝነውን ኪምባፕ፣ ያን ጥቅል ሩዝ፣ ስንበላ፣ «ኡንቢ፣ ይኼ ሰውዬ አግቢኝ ብሎኛል» አለችኝ።

የጎረስኩት አነቀኝ። ጋሽ ፒልዶ ዘሎ ቴሌስኮፑ ላይ ተለጠፈ፤ ክዳኑን እንኳ አላነሳም።

«ምን አልሽው?»

«ሄሱን እሺ ካላለች አይሆንም አልኩት።»

«እኔስ አልጠየቅም?»

«አንቺማ ከጠዋት ጀምሮ ጥርስሽ አልተከደነም። ምኑን ልጠይቅሽ?»

ሄሱንዬ፣ የአባባ ነገር እንደሚያምሽ አውቃለሁ፤ እኔንም ያመኛል። ስንመለስ ጀልባው ላይ ጋሽ ፒልዶን ለብቻው ይዤ፣ «አባባንስ ምን ሊያደርጉት ነው?» አልኩት። ቅር አላለውም። «ፎቶው ካለበት ንቅንቅ አይልም። በቹሶክ በዓል ለሙታን ሲሰገድ እናንተን ተከትዬ እኔም እሰግድለታለሁ፤ ከፈቀዳችሁልኝ» አለኝ። የሚፈራው አንቺን ነው መሰለኝ።

ይህን ስጽፍ እማዬ ከጀርባዬ ቆማ «ምን አልሻት? አሁንስ ምን አልሻት?» እያለች መፈናፈኛ አሳጥታኛለች። አሁን ደግሞ «ለቹሶክ ስትመጣ ለሰርጌ የሚሆን ደማቅ ቀሚስ ይዛ ትምጣ በያት» አለችኝ።

«እማዬ፣ ገና እሺ ሳትል?»

«የወለድኳት እኔ ነኝ። አንቺ ዝም ብለሽ ጻፊ።»

ጻፍኩ።

በናፍቆት የምትጠብቅሽ ታናሽሽ፣
ኡንቢ