የአባትን ጉልበት የምትስም ሙሽራ

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን

ልጄ እሺ አለች! ቤቲ ተፈራርሞ ምሳ መብላቱን ትታ ወግ ባለው ሰርግ ልትዳርልኝ ነው።

የገላገለኝ ቅዳሜ ቅዳሜ በቴሌቪዥን የምናየው ያ የድሮ ዘመን ድራማ ነው። እኔ እንኳ ላፍቶ ተወልጄ ያደግኩ፣ የገጠር ኑሮ የማላውቅ ሴት ነኝ። የሳር ጎጆውም ለቀረጻ ተብሎ ለቡ ጀርባ የተሠራ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ቢሆንስ? ያ ጥልፍ ቀሚስ፣ ያ ካባ፣ ትልቅ ሰው ሲገባ ቤቱ ሙሉ ብድግ ሲል ማየት ደስ ይለኛል። ቤቲ ግን "እማዬ ደግሞ! ይሄን ሁሉ ጋቢ ማን ያጥበዋል?" እያለች ስትስቅብኝ ነው የከረመችው።

ዛሬ ድራማው ላይ ሙሽራይቱ ከቤት ልትወጣ ስትል ተንበርክካ የአባቷን ጉልበት ሳመች። ዞር ስል ባሌ ዓይኑን ይጠርጋል። "እንደፈለገች ትፈራረም፣ ዋናው ፍቅራቸው ነው" ሲለኝ የነበረው ሰውዬ!

ቤቲም አየችው። "አባዬ፣ ለሌላ ሰው ልጅ ታለቅሳለህ?"

"ጉንፋን ነው።"

"ጉንፋኑ ድራማ ጠብቆ ነው እንዴ የሚመጣው?"

እሱ እንደገና ዓይኑን ጠረገ። እሷም ሳቋን ተወችና ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። "በቃ፣ እኔም እስማለሁ። ግን የሙሽራይቱን ዓይነት ካባ ካገኛችሁልኝ ነው።"

ካባውን ከየትም አመጣዋለሁ! እሷና እጮኛዋ ለምሳው የያዙት ቀን አይለወጥም፤ የጎደለው ተጋባዥ ብቻ ነበር። ነገ ስልኬን ይዤ ቁጭ ነው። ጥር 17፣ እሁድ! ዘመድም ጎረቤትም፣ አንድ ሰው እንዳይቀር።