ደግሰው የሚጎትታት ድምፅ

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

ልምምድ። ከአሥራ አንዱ ተጫዋቾቼ ሰባት መጡ። የቀሩት ገበያ ናቸው። በገበያ ቀን ልምምድ ያደረግኩት ከፃግብጂ ለሚመጣው ባለማሲንቆ፣ ለደግሰው ብዬ ነው። ፍየሎቹን ሸጦ ደረሰ። ምን ዋጋ አለው? ሦስተኛው ገጽ ላይ ያቺን ዝቅተኛ ድምፅ አራት ምት ይዞ መተው ሲገባው ይጎትታታል። «ቁረጥ!» «እሺ ሻምበል።» ደገምን። ጎተታት!

ግንቦት 5

ይህን ሙዚቃ የደረሰው ሰውዬ እንግሊዝ፣ እኔ የሰቆጣ ልጅ… ምን አገናኘን? በ1974 አንድ የውጭ አገር መምህር የሙዚቃውን ኖታ ለሦስት ቀን አዋሰኝ። በእጄ ገለበጥኩት። ሽፋኑ ላይ «አንድ ድምፅ አልጎደለም» ብዬ ፈረምኩ። ከዚያ ወዲህ የሌላ ሰው ሙዚቃ ልቤ አልገባም። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ጣውንቴ» ትለው ነበር። በጦሩ ኦርኬስትራ እንጫወተው ብዬ ሃያ ዓመት ለመንኩ፤ «ማርሽ ይበቃል» አሉኝ። ለሰማንያ ሰው የተጻፈውን እዚህ በአሥራ አንድ ሰው ልመራው ነው። ሰኔ 7 የወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ሲመረቅ ይሰማል። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ሌላ ጊዜ የለኝም።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

አባረርኩት።

ዛሬም ጎተታት። ሙዚቃ የምመራበትን በትሬን ወረወርኩ። «ኖታ እንኳ አታነብ! ምን አውቀህ ነው?»

«አላነብም ሻምበል። ግን የእርስዎ ወረቀት እዚህ ጋ ትንፋሽ ያጥረዋል።»

ያጥረዋል! ለእኔ! «ውጣ!» አልኩት። ማሲንቆውን በጋቢው ጠቅልሎ ወጣ።

ክላርኔት የምትነፋው መምህርት የትናየት ዝም አላለችም። «ሻምበል፣ በአንዲት ድምፅ ሰው ያባርራሉ?»

አዎ፣ አባርራለሁ! አፋቸውን ላስይዛቸው… ዱባይ ላለችው የእህቴ ልጅ ለዓይናዲስ ጻፍኩላት። የታተመውን ኖታ ፈልጋ ትላክልኝ።

ግንቦት 13

መብራት የለም። ንዴቴ አለ።

ግንቦት 19

ዓይናዲስ በቴሌግራም ላከችው። ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምኩና እዚያው ቆሜ ሦስተኛውን ገጽ ገለጥኩ።

አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።

ያቺ ድምፅ አራት ምት ላይ አታበቃም። ወደሚቀጥለው መስመር ተሻግራ ትቀጥላለች። ሁለቱ መስመሮች የሚጀምሩት በእሷው ነው። ዓይኔ ከአንዱ ወደ ሌላው ዘሎ አንድ መስመር ሙሉ ዋጥኩ። ልጅ ሆኜ ዳዊት ስገለብጥ ይህንኑ አድርጌ የኔታ ገርፈውኛል። ምነው አብዝተው በገረፉኝ! አርባ ሦስት ዓመት የራሴን ስህተት ሳፈቅር… ደደብ! ደደብ ሽማግሌ!

ግንቦት 23፣ ቅዳሜ

ገበያ ወረድኩ። ደግሰው ከፍየሎቹ መሃል ቆሟል።

«ልክ ነበርክ። የዘለልኩት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

ቀና ብሎ አላየኝም። «መጀመሪያ ይቺን ይያዙልኝ ሻምበል» ብሎ የፍየሏን ገመድ አስጨበጠኝ። እስኪሸጥ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። የሚያውቀኝ ሁሉ ሳቀ። ይበለኝ።

ከሰዓት ተለማመድን። ሦስተኛው ገጽ ደረሰ። እጄን አንሥቼ ጠበቅኩ። ጎተታት… ጎተታት… ከዚያ ወረደች። የትናየት መግቢያዋን ረስታ ትሰማለች። እሷንም አልተቆጣኋትም።

ቤት ገብቼ ሽፋኑ ላይ «አንድ ድምፅ አልጎደለም» ያልኩትን ሰረዝኩ። እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው።