የትራክተሩ ኮፈንና የደበቅሁት ግራይንደር

የኔ ልጅ፣

ማታ ሲያብረቀርቅ የነበረ ቆርቆሮ ጠዋት እንዴት ዝጎ ይገኛል? እኔ እንጃ!

ዝገት የምትፍቂበት ግራይንደር እንዳያስፈልግሽ ብዬ ከትናንት ወዲያ የአያትሽን ትራክተር ኮፈን በአቼቶና በሽቦ ብሩሽ ፈትጌ ፈትጌ እንደ መስታወት አደረግሁት። ከዚያ በውሃ አለቅልቄ፣ ሳላደርቀው ግቢ ውስጥ ደፋሁት። ድስት መሰለኝ እንግዲህ።

አሁን በብርጭቆ ወረቀት ላይ ላዩን አሽተሽ፣ በደረቅ ጨርቅ ጠርገሽ፣ ወዲያው የዝገት መከላከያውን ቀቢው። ውሃ በአጠገቡ እንዳያልፍ!

የጠፋብሽ ግራይንደር ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከብርድ ልብሶቹ ሥር ነው።
ሌባ አልገባም።
የእሳት ፍንጣሪው ወደ ዓይንሽ ሲዘል አይቼ ነው የደበቅሁት። "እማማ ደግሞ፣ ዓይኔ ምን ሆነ?" ትያለሽ። እስኪሆን ልጠብቅልሽ እንዴ?

መነጽር ልገዛልሽ ሄጃለሁ። እስክመለስ ግራይንደሩን እንዳትነኪው፣ አደራ። ቁርስሽ ምድጃው ላይ ነው፤ ሳትበዪ ሥራ እንዳትጀምሪ።

ትናንት ጠዋት የዛገውን ኮፈን አየሽና ትንፍሽ ሳትይ ወጣሽ። "ምነው እማማ!" ብትዪኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ግን እንቅልፍ ላይ ስለሆንሽ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ እኔም ትንፍሽ ሳልል ወጣሁ።